ሹል ሆድ ወይስ ጠፍጣፋ? ልጅ ሲመጣ ጀልባ መምረጥ

«ጀልባ ልናሠራ ነው» ስል የደሴ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። «ጦሳ ተራራ ላይ ልታቆሟት ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ። አልፈርድባትም። እኛ ሰፈር ብዙ ውሃ የሚታየው ክረምት ላይ ከተራራው በየቦዩ ሲወርድ ነው። ጀልባዋ ግን የምትቆመው ሐይቅ በምትባለው ከተማ፣ በዚሁ ስም በሚጠራው ውሃ ላይ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ተሁለደሬ ውስጥ። ባለቤቴ የዚያ ልጅ ነው። አማቴ የሚኖሩት ደግሞ ከተማው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው ማዶ፣ መኪና የማይደርስበት ዳር ላይ ነው። በእግር ዞሮ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እግሬም አብጦ ጫማ እየመረጠ ነው።

እስካሁን የምንሻገረው በአንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ነበር። የባለቤቴና የታላቅ ወንድሙ የጋራ ናት። ጠዋት መረብ ይጥሉባታል፣ ቆሮሶ ያወጡባታል። ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ያዞሩባታል። የሚመጣው እንግዳ አብዛኛው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማየት የሚፈልግ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አያስገባም። ስለዚህ ሴቶቹ እንግዶች ጀልባ ላይ ሆነው ዛፎቹንና ዳርቻውን እያዩ ፎቶ ያነሳሉ። ለወንድማማቾቹ ጥሩ ገበያ ነው።

ችግሩ ጀልባዋ ጠባብ ናት። አንዱ ቀና ሲል ሌላው ጠርዙን ይጨብጣል። ድሮ ይህ ያስቀኝ ነበር። ሆዴ ከገፋ ወዲህ ግን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ዳር ለመውረድ የሁለት ሰው እጅ ያስፈልገኝ ጀመር። ሳንቃዎቹም አርጅተዋል፤ ከመቅዘፉ ውሃ መጨለፉ በዝቷል። ትለወጥ በሚለው ሁላችንም ተስማማን። በምን ትለወጥ የሚለው ላይ ነው ቤተሰቡ የተከፈለው።

ወንድም ጋሼ፣ የባለቤቴን ወንድም እንዲህ ነው የምጠራው፣ ፈጣን ትሁን አለ። ባለቤቴ ርካሽ ትሁን አለ። እኔ ደግሞ ዝቅ ብዬ የምቀመጥባት፣ ልጅ ታቅፌ አንዱ እጄ ለመያዣ የሚተርፈኝ ትሁን አልኩ። መጀመሪያ ላይ ማንም አልሰማኝም። «አንቺ ገና ሳትወልጂ» ተባልኩ። ሳልወልድ ካልመረጥኩ መቼ ልመርጥ ነው? ከወለድኩ በኋላማ ማን እንቅልፍ ሰጥቶኝ።

ወንድም ጋሼ ባሕር ዳር ሄዶ አንዲት ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ አይቶ መጣ። ፎቶዋን በቴሌግራም ላከልን። ነጭ ናት፤ በጎኗ ሰማያዊ መስመር አላት፣ አፍንጫዋ ቀና ብሏል፣ ኋላዋ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰቅሏል። ታምራለች፣ አልዋሽም። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባታል የሚል ሐሳብም ነበረው። እኔ ግን ከጎን የተነሳውን ፎቶ አሳድጌ ሆዷን አየሁት። ሹል ነው።

ሹል ሆድ ያላት ጀልባ ማዕበል ሰንጥቃ እንድትሄድ የተሠራች ናት። ስትፈጥን ውሃውን ለሁለት እየከፈለች ታልፋለች፣ ብዙ አታንገጫግጭም። ስትቆም ግን ሌላ ናት፤ አንድ ሰው ወደ ዳር በተጠጋ ቁጥር ወደዚያ ታዘነብላለች። ጠፍጣፋ ሆድ ያላት ተቃራኒ ናት። ቆማ ትረጋለች፣ ሞገድ ላይ ስትፈጥን ግን ከሥር ትደልቃለች። ድለቃው ለነፍሰ ጡር ወገብም ለሕፃን አንገትም አይሆንም። ነገር ግን ድለቃ ቀስ ብሎ በመሄድ ይቀንሳል። መዋለል ግን ቀስ በማለት አይቀንስም፤ እንዲያውም የሚብሰው ያኔ ነው። እኛ ደግሞ የምንቸገረው ጀልባዋ ስትሄድ ሳይሆን ስንወጣና ስንወርድ ነው። ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉትም ያኔ ነው። ስለዚህ ለኔ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ፦ ጠፍጣፋ።

(ሰፈር ውስጥ የኔን ሆድ እያዩ «ሹል ነው፣ ወንድ ነው» የሚሉ እናቶች አሉ። የጀልባ ሆድ አይቶ የሚተነብይ ግን እስካሁን አላገኘሁም።)

ወንድም ጋሼ በሆድ ጨዋታ ብቻ እጅ አልሰጠም። ባሕር ዳር የሚኖር የባለቤቴ ጓደኛ ሄዶ እንዲያይልን ለመንነው። ፋይበር ግላስ በዓይን ብቻ አይገዛም፤ ይንኳኳል። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ንብርብሩ የተላቀቀበት ወይም ውስጡ ውሃ የጠጣበት ቦታ ላይ ድምፁ ይፈዝዛል። ልጁ በጣቱ አንጓ ከፊት ጀምሮ እያንኳኳ በስልኩ ቀድቶ ላከልን። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን ሰማነው። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ እያለ ቆየና ሞተሩ የሚሰቀልበት ግድግዳ ጋ ሲደርስ ዱብ አለ። መልሶ አንኳኳው። አሁንም ዱብ። ያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ በፋይበሩ መሐል እንጨት አለው፤ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባበት ከውስጥ ይበሰብሳል። ሞተሩን የሚሸከመው እሱ ነው። ወንድም ጋሼ ስልኩን ወሰደና ደግሞ ብቻውን አዳመጠው። ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር ዳሯ አላነሳም።

ሌሎችም ሐሳቦች መጡ። አንድ ዘመዳችን ከውጭ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ልላክ አለ። እግዜር ይስጠው። ሐይቁ ዳር ያለውን እሾህና የቀትሩን ፀሐይ ግን አያውቅም። ታንኳ አይሻልም ወይ ያሉም ነበሩ። ይህን አልናቅኩትም። የደንገል ታንኳ ቢገለበጥም አይሰምጥም፤ ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር ይዟል። ግን ውሃ ይጠጣል፣ በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፣ የተቀመጠበትም ሰው ከታች እየራሰ ነው የሚሄደው። አራስ እዚያ ላይ አትቀመጥም። ሆኖም ከታንኳ አንድ ነገር ወሰድኩ፦ ሞልቶም የማይሰምጥ ነገር። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ጥልቅ ውሃ ነው፤ ሲለካ እስከ 88 ሜትር የደረሰ ቦታ አለው። መሐሉ ላይ የሰጠመ ነገር ሰጠመ ነው።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ነው። ሒሳብ ያዥ ነኝ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ዳገቱን እወጣለሁ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር፣ የታንከር ማስቀመጫ እንሠራለን። በዕድሜ የገፉ አንድ በያጅ አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የጀልባውን ነገር ስነግራቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው፣ «ውሃ የማያስወጣ ታንከር የሠራ እጅ ውሃ የማታስገባ ጀልባ ያቅተዋል እንዴ?» አሉ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ባለቤቴ ዋጋውን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ የላሜራ ዋጋ እናንተ ይህን እስክታነቡ ይቀየራል። ክብደቱን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ጀልባዋ 5 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ60 ስፋት አላት። 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል። ወለሉ፣ ጎኖቹና የኋላው ግድግዳ ሲደመሩ 14 ካሬ ገደማ ይሆናሉ። ቱቦላሬውና አንግል ብረቱ ሲጨመርበት 280 ኪሎ ያህል ብረት ነው።

«መርከብ ሁሉ ብረት አይደለም እንዴ?» አለ ባለቤቴ። ነው። የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ነው። ውሃ ከሞላው ግን ብረት ብረት ነው። 280 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚገፋው 36 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው 244 ኪሎ ወደ ታች ይጎትታል። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር 50 ኪሎ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጀልባዋ ሞልታም ላይ እንድትቀር ከ290 ኪሎ በላይ የሚያነሳ የታሸገ አየር ያስፈልጋታል። አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያህል ያነሳል።

ፎም መሙላት የተለመደው መንገድ ነው። ግን ፎምም ዓይነት አለው፤ ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ከገባ ጀልባዋን በጊዜ ብዛት ያከብዳታል፣ ተደብቆ ስላለም አይታይም። የማይጠጣውን ለይቶ ማግኘት አስቸገረን። መፍትሔው የመጣው ከግቢያችን ነው፦ ቢጫ ጀሪካን። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ የራሱ ክብደት ተቀንሶ 19 ኪሎ ያህል ያነሳል። 16 ጀሪካን ብረቱንና ሞተሩን ይችላል። እኛ 20 አደረግነው፤ ጠርዝ ይዞ ለሚንሳፈፍ ሰው ትርፍ እንዲኖር። ደግሞ አንዱ ቢሰነጠቅ አሥራ ዘጠኙ አሉ። አንድ ትልቅ የታሸገ ሳጥን ቢሆን ኖሮ አንዲት ቀዳዳ ሁሉንም ታበላሸው ነበር።

የት ይቀመጡ የሚለው ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው ወለሉ ሥር ደርድረው መጨረስ ፈለጉ፤ ለሥራ ይቀላል። ነገር ግን አየሩ ሁሉ ታች ከሆነ የሞላች ጀልባ ትገለበጣለች፤ አየር ወደ ላይ መውጣት ነው የሚፈልገው። ጎንና ጎን፣ ከፍ ብሎ፣ ከጠርዙ ሥር ሲሆን ነው ቀጥ ብላ የምትቆየው። ሞተሩ ኋላ ስለሚከብድ ኋላ በዛ ማለት አለበት። ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ለጀሪካኖቹ የላሜራ መያዣ በየጎኑ መሥራት ነበረባቸው። ደግሞ ጀሪካኑ የሚገባው ብየዳውም ቀለሙም ካለቀ በኋላ ነው፤ አለዚያ ይቀልጣል። «ሒሳብ ያዥ ስታረግዝ እንዲህ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ግን ሠሩት።

ከሁሉም ጊዜ የወሰደብን የጠርዙ ቁመት ነው። እዚህ ላይ ማንም ሰው እንዳያቻኩላችሁ። ጋሼ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ብለው ነበር። እኔ ወርክሾፑ ውስጥ አንድ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ ተቀመጥኩና አንድ ላሜራ ከጎኔ አቁሙልኝ አልኩ። የጋሼ ረዳት ላሜራውን ያዘ። ጋሼ ጠመኔ ይዘው በርከክ አሉ። 45 ላይ ሲያሰምሩ መስመሩ ከወገቤ በላይ ብዙም አልሆነም። ትንሽ ዘንበል ብል ሰውነቴ ሁሉ ወደ ውጭ ነው። 60 ላይ ሲያሰምሩ ጠርዙ ብብቴ ሥር ገባ። ክንዴን ጣል አድርጌበት ሌላውን እጄን ደረቴ ላይ አጠፍኩ፤ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው። «በቃ ይሄ ነው» አልኩ። ረዳቱ ምን እንደምለካ የገባው ያኔ ነው፤ ሳቁን አቁሞ ላሜራውን በሁለት እጁ ያዘው።

60 ሴንቲ ሜትር ለኋላም ይሆናል። የአንድ ዓመት ልጅ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሞ ጠርዙን ቢይዝ ትከሻው አካባቢ ይደርሳል። ግን ልጅ መሬት ላይ ብቻ አይቆምም፣ ያገኘው ላይ ይወጣል። መቀመጫው በጎን በኩል በረጅሙ ከተሠራ ለልጅ ደረጃ ሆነለት ማለት ነው። 25 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ ላይ የቆመ ልጅ ከፊቱ የሚቀረው ጠርዝ 35 ብቻ ነው። ስለዚህ መቀመጫዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በአግድሙ ሆኑ፣ ጫፋቸውም ከጎኑ ግድግዳ ትንሽ ራቀ። እንግዳ ለማዞር በጎን በኩል ያለው መቀመጫ ይሻላል፤ ሰው ፊት ለፊት ይተያያል። ወንድም ጋሼ ይህን አንስቶ ተሟገተ። ጠርዙ ሲረዝም ነፋስ ይይዛልም አለ። ልክ ነው፣ ይይዛል። ሐይቅ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት ነፋስ የሚነሳበት ውሃ ነው። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ልጅ ይዤ አልሻገርም። እሱ ለሚያዞራቸው እንግዶች ያስብ፤ እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ብረት ሁለት ሌላ ጠባይ አለው። አንደኛ ይሰነጥቃል፣ ይቧጥጣል፤ የአንግል ብረቱ ጫፍ ሁሉ በግራይንደር ተሞርዶ ክብ ሆነ። እጄን በየጠርዙ እያስኬድኩ ነው የተረከብኩት። ሁለተኛ ፀሐይ ላይ ይግላል። ወለሉ ላይ የእንጨት ርብራብ ተነጠፈ፤ ከግለቱም ያድናል፣ ከታች ከሚጠራቀመው ውሃና ከሚንጠባጠበው ቤንዚንም እግርን ያርቃል። ርብራቡ ተነቅሎ እንዲጸዳ አልተቸነከረም። ለጥላ ዝቅ ያለ ሸራ አሰብን፤ ከፍ ካለ ነፋስ ይጫወትበታል።

ብየዳው ላይ ያለን ቀዳዳ እንዴት እንደሚፈልጉ ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ውሃ ውስጥ ከትቶ ማየት አይደለም። ጋሼ በአንድ በኩል የብየዳውን መስመር በጠመኔ ዱቄት በጥብጠው ቀቡት። ነጭ ሆኖ ደረቀ። ከዚያ በሌላው በኩል ነጭ ጋዝ በብሩሽ ለቀለቁበት። ነጭ ጋዝ ውሃ የማያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ ሁሉ ያልፋል። ቆይቶ ነጩ መስመር ላይ የጠቆረች እርጥብ ነጥብ ብቅ ካለች ቀዳዳው እዚያ ነው። ሽታው ስላጥወለወለኝ በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው። ሁለት ነጥብ ወጣ፤ አንዱ ጥግ ላይ፣ አንዱ ሞተሩ የሚሰቀልበት ጋ። ጠርገው፣ አድርቀው፣ ደግመው በየዱት። ድጋሚ ተቀባ። ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ አንቲረስት፣ ከላይ ቀለም።

ሞተሩ ላይ አጭር እሆናለሁ። ያገለገለ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት አገኘን፤ ለኛ ይበቃል። 15 ሲባል ግን 15 አይደለም። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየር ሲሳሳ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው የለም። ሐረጎን በተጫነ መኪና የወጣ ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። 12 ፈረስ ጉልበት እንዳለው አድርጌ ነው የማስበው፣ ፕሮፔለሩም በዚያው ልክ ቢመረጥ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር መቆጣጠሪያ ገመዱ ነው። ነጂው እጁ ወይም እግሩ ላይ የሚያስረው ቀይ ገመድ አለ፤ ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። የኛ ሞተር ሲመጣ ይህ ገመድ አልነበረውም፤ በሽቦ ተሳስሮ ነበር። ሳይገጠም አንነካውም አልኩ። ተገጠመ።

ጭሱን ደግሞ አትርሱት። ቀስ ብሎ ሲኬድና ነፋስ ከኋላ ሲመጣ የሞተሩ ጭስ ተመልሶ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የፅንስ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም የበለጠ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እኔ ፊት ነው የምቀመጠው። ቆመን ስንጠብቅ ሞተሩ ይጠፋል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተርም አስበን ነበር፤ ድምፅም ጭስም የለውም። ግን ሙሉ ኃይሉን ሲሠራ ወደ 50 አምፔር የሚስብ ዓይነት ነው፤ 100 አምፔር ሰዓት ያለውን የመኪና መሰል ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም አንድ ሰዓት ነው። ነፋስ ተነስቶ መሐል ላይ ቢያልቅስ? ለሌላ ጊዜ አቆየነው። መቅዘፊያው ግን ሁለቱም ጎን ሁልጊዜ ይኖራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አማቴ ነገሩን ሁሉ ጨርሰውት ነበር። «በሰባተኛው ቀን አቂቃው እዚህ ነው። በጀልባ ይዘሽው ትመጫለሽ» አሉኝ። አቂቃ ለተወለደ ልጅ በግ የሚታረድበት ድግስ ነው።

«እማ፣ ለሰባት ቀን ሕፃን ውሃው አይከብድም?»

«ምን ይከብዳል? ያንቺን ባል በአንቀልባ አዝዬ አይደል በዚሁ ውሃ የተመላለስኩት። አብሽሪ።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸውን በቃል መከራከር ደግሞ አይቻልም፣ አያምርምም። ባለቤቴን ብቻ ጠራሁት። ሦስት ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪ በፎጣ ጠቀለልኩና በእናቱ በራሳቸው አንቀልባ ጀርባው ላይ አሰርኩለት። የአዲስ የተወለደ ልጅ ክብደት ነው። ከላይ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት አጠለቀና ደረቱ እስኪደርስ ውሃ ውስጥ ገባ። «አሁን እግርህን ልቀቅ» አልኩት። ለቀቀ። ጃኬቱ የተሠራበትን ሥራ ሠራ፤ ሰውየውን በጀርባው አንጋለለው፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆነ። ጄሪው ግን ከሥሩ ውሃ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ዞር ለማለት ታገለ፤ ጃኬቱ መልሶ አንጋለለው። አንቀልባው ውሃ ሲጠጣ ቋጠሮው ጠብቆ በጣት አልፈታ አለ።

አማቴ ዳር ላይ ቆመው አዩት። «አስተግፊሩላህ» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም። አንቀልባቸውን ጨምቀው ድንጋይ ላይ አሰጡት።

ሕፃን ለራሱ ጃኬት ያስፈልገዋል፤ ከሰውም ከጀልባም ጋር አይታሰርም። ከፊት ማሰርም ያው ነው፣ ሰውየው በፊቱ ከተደፋ ሕፃኑ ከሥር ነው። ለሕፃን የሚሠራው ጃኬት ከአንገቱ ጀርባ ትራስ አለው፣ ፊቱን ከውሃ ቀና አድርጎ እንዲይዝ። በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ አለው፣ ወደ ላይ እንዳይወልቅ። ጀርባው ላይ ደግሞ ጎትቶ ማውጫ እጀታ። ግን ይህም ቢሆን ለአራስ አይሆንም። አሜሪካኖቹ የጀልባ ደህንነት ሰዎች ሕፃን ወደ 8 ኪሎ እስኪደርስ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ ነው የሚመክሩት፤ ከዚያ በታች ጃኬቱ በልኩ አይይዘውም። በጤና ጣቢያው የክብደት ሠንጠረዥ ላይ ሳየው መካከለኛው ወንድ ልጅ በ6 ወር አካባቢ፣ ሴት ልጅ በ8 ወር ገደማ እዚያ ይደርሳሉ። የኛ ልጅም እስከዚያ ድረስ ደሴ ነው።

ለነፍሰ ጡሯ ለራሷም ጃኬት ሲመረጥ ልክ አለው። መሐለኛው ቀበቶ ከሆድ በላይ፣ የታችኛው ከሆድ በታች ማለፍ አለበት፤ ሆድ ላይ የሚያጠብቅ ከሆነ ተዉት። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። እኔ የተስማማኝን ያገኘሁት የወንድም ጋሼ የእንግዶች ጃኬቶች መሐል ነው፤ ለትልቅ ሰውዬ የተገዛ ብርቱካናማ።

አማቴ ማታ ቡና ላይ፣ ቶናው ሲቀዳ፣ ራሳቸው አነሱት። «እንግዲያው እኔ እመጣለሁ። አቂቃው ደሴ ይሁን። በጎቹንም በጀልባው ይዤ ነው የምሻገረው።» ወንድ ከሆነ ሁለት፣ ሴት ከሆነች አንድ በግ ነው። ወንድም ጋሼ ሲሰማ ሳቁን ማቆም አቃተው፤ በሙሽሮች ፎቶ ፋንታ በግ ሊያዞር ነው። ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር ካልተቀባ ግን አልነካትም ብሏል። ይቀባ፣ ምን ቸገረኝ።

ጀልባዋ አሁን ኮምቦልቻ ናት፣ ሁለተኛው ቀለም እየደረቀ። በአይሱዙ ሐረጎን ወጥታ፣ ደሴን አቋርጣ ወደ ሐይቅ ትወርዳለች፤ ጎረቤቴ ያን ቀን በር ላይ ቆማ እንድታይ ነግሬያታለሁ። የቀረን የሕፃን ጃኬት ብቻ ነው። እዚህ ዞሬ ያገኘሁት ሁሉ ለዋና መለማመጃ የሚሆን የሚነፋ ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ ሕይወት አድን አይደለም። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ ከ8 ኪሎ ጀምሮ የሚል፣ የአንገት ትራስና የእግር መሐል ማሰሪያ ያለው ካያችሁ ፎቶውን ከነውስጥ ጽሑፉ ላኩልኝ። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም፤ ማሰሪያው ካልሳሳና ፎሙ ሲጫኑት ተመልሶ ከሞላ እወስደዋለሁ።